«አንድ ሰው ቀረ!»፦ የጅማ ባጃጅ ሲመዘን

ፍርዱ መጀመሪያ ይነገር። በቀን፣ በደረቅ መንገድ፣ በታወቀ መስመር ለሚሄድ ሰው የጅማ ባጃጅ ከ10 8 ይገባዋል። ዝናብ ከጀመረ 4። ማታ፣ ወይም ኩንታል ተይዞ፣ ወይም ታማሚ ተደግፎ ከሆነ 3 ቢሰጠው በልመና ነው። ያው ባጃጅ፣ ያው ሹፌር፣ ያው መንገድ ነው። ነጥቡ እንዲህ የሚዋዥቀው ሹፌሮቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ የሚሸጡት ወንበር እንጂ ጉዞ ስላልሆነ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው በየቀኑ ይጨቃጨቃል፤ የተረዳ ደግሞ ቢያንስ መቼ መጨቃጨቅ እንዳለበት ያውቃል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ብዙው ሹፌር የባጃጁ ባለቤት አይደለም፤ ለባለቤቱ የቀን «ገቢ» ያስገባል። ገቢው ቁርጥ ነው። ዘነበ አልዘነበ፣ ቤንዚን ተገኘ አልተገኘ፣ አይቀነስም። ቤንዚኑ ከሹፌሩ ኪስ ነው፤ የተበሳ ጎማ ማስጠገኛም እንደዚያው። ስለዚህ የቀኑ የመጀመሪያ ግማሽ ለባለቤቱ ይሠራል፣ ለራሱ የሚቀረው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ጠዋት ወንበሩ ሳይሞላ ንቅንቅ የማይለው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መስመሩን ትቶ «ኮንትራት ነው» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጅማው መርካቶ ላይ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ቀረ!» ሲባል ውስጡን ሳያዩ መግባት የዋህነት ነው። ብዙ ጊዜ የቀረው ሁለት ነው። አንዳንዴም ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ሳይሆን የሹፌሩ ጓደኛ ነው፤ ሰው ሲገባ እሱ ይወርዳል፣ ጥሪውም «አንድ ሰው ቀረ» እንደተባለ ይቀጥላል። የቸኮለ ሰው ተራው ላይ መቆሙን ትቶ ከተራው 50 ወይም 100 ሜትር በጉዞው አቅጣጫ ወጣ ብሎ ቢቆም ይሻለዋል። ወንበር ጎድሎት የተነሳ ባጃጅ እየሄደ ይለቅማል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

መስመሮቹ የትም አልተጻፉም። ታሪፍ ባጃጅ ውስጥ ተለጥፎ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ተለጥፎም ከሆነ ወይ ደብዝዟል ወይ የባለፈው ነው። ነባሩ ነዋሪ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ፣ ከፈረንጅ አራዳ አጂፕ፣ ወደ ኮቺ፣ ወደ ቂጦ ስንት እንደሆነ በአፍ ስለሚያውቅ ሳይጠይቅ ከፍሎ ይወርዳል። እንግዳ የሚታወቀው በአነጋገሩ አይደለም፤ «ስንት ነው?» ብሎ በመጠየቁ ነው። በኦሮምኛ «ሜቃ?» ቢባልም ያው ነው፤ ጥያቄው ራሱ ዋጋ ይጨምራል። መፍትሔው ሹፌሩን ሳይሆን አጠገብ የተቀመጠውን ተሳፋሪ፣ ያውም ከተቻለ ከገበያ የምትመለስ እናት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ መጠየቅ ነው። እሷ ትክክለኛውን ትናገራለች፤ ሹፌሩ ሊከራከር ቢሞክር ደግሞ አፉን የምታስይዘው እሷው ናት።

የመድረሻ ስም ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከዋጋው ይበልጥ ያስወጣል። «ዩኒቨርሲቲ» ማለት ጅማ ውስጥ ምንም ማለት አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ስለሆነ ግቢዎቹ ከመሠረቱ የተለያየ ቦታ ነበሩ፤ በኋላ ቴክኖሎጂው ቂጦ ፉርዲሳ ሄደ። ስለዚህ ዋና ግቢ፣ ግብርና፣ ቴክኖሎጂ ተብሎ ተለይቶ ይነገራል። «ሆስፒታል»ም እንዲሁ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ ሸነን ጊቤ? ባጃጁ ተነስቶ ሳይሆን አንድ እግር መሬት ላይ እያለ ይነገር። መንገድ ላይ የተስተካከለ መድረሻ ከመስመር ወደ ኮንትራት ይዞራል፣ ክርክሩንም ሹፌሩ ያሸንፋል።

ኮንትራት ሲያዝ የሚሠራ ስሌት አለ። በዚያ መስመር አንድ ሰው የሚከፍለው በ3 ይባዛል፤ ሦስቱንም ወንበር ስለምትይዙ ማለት ነው። ያ ፍትሐዊ መነሻ ነው። የምትሄዱበት ቦታ ሹፌሩ መልስ ተሳፋሪ የማያገኝበት ዳር ሰፈር ከሆነ ሌላ አንድ ወይም ሁለት ወንበር መጨመሩ አግባብ ነው። ከዚያ በላይ ዋጋ ከጠራ፣ ዝናብ፣ ጨለማ ወይም ሻንጣ አይቶ ነው። በ«ስንት ይሆናል?» አትጀምሩ፤ ቁጥሩን እናንተ ጥሩና ሁለት እርምጃ ራመድ በሉ። ካልጠራችሁ ቁጥሩ እውነትም አንሷል ማለት ነው።

ጠዋት 200 ብር ይዞ ባጃጅ መግባት ጥፋቱ የተሳፋሪው ነው። «ዝርዝር የለኝም» ሁልጊዜ ውሸት አይደለም፤ ሹፌሩ ከሁለትና ሦስት ጉዞ በኋላ ነው ዝርዝር የሚይዘው። በቴሌብር መክፈል ይቻላል፣ ብዙዎቹም ይቀበላሉ፤ ቤንዚን የሚቀዱትም በስልክ ስለሆነ ገንዘቡ እዚያው ይጠቅማቸዋል። «ዳታ የለም» የሚለው ሰበብ ግን አይሠራም፤ *127# ያለ ዳታ ይሠራል። ብቻ የሹፌሩን ቁጥር ከመውረዳችሁ በፊት ተቀበሉ፤ መንገድ መሃል ቆሞ ቁጥር መቀበል ከኋላ ያለውን ሁሉ በክላክስ ያሳብዳል።

አሁን ወደ ተሽከርካሪው። ጅማ የሚሠሩት ባለ አራት ምት፣ 200 ሲሲ ገደማ የሆነ አንድ ሲሊንደር ሞተር ያላቸው ናቸው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚገፉት ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ናቸው። ፍሪሲዮንና ማርሽ በግራ እጅ፣ ቤንዚን መስጫው በቀኝ እጅ፣ የእግር ፍሬኑ በቀኝ እግር ነው። ይህን ማወቅ ለተሳፋሪ ምን ያደርጋል ከተባለ፣ ከሹፌሩ አጠገብ የሚጫነውን አራተኛ ሰው ለመፍረድ ያስችላል። ያ ሰው በቀኝ ተለጥፎ ሲቀመጥ የሹፌሩን ቀኝ ክንድ ይገፋል፣ የቀኝ እግሩንም ከፍሬኑ ያርቃል። ማለትም ቤንዚኑንም ፍሬኑንም በአንድ ጊዜ ያሰናክላል። መሪው ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ እንዳይዞርም የሰውየው ጉልበት ይከለክላል።

ሌላም አለ። የጅማ በርጩማ በሦስት እግሩ ስለቆመ ወለሉ ቢጎረብጥም አይወላገድም፤ ባጃጅም በሦስት ጎማ መቆሙ ጉድጓድ ላይ ይጠቅመዋል። ግን በርጩማ ኩርባ አይዞርም። ባጃጅ በፍጥነት ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ከፊት ያለው ጎማ አንድ ብቻ ስለሆነ በፊት ቀኝ በኩል የሚደግፈው ነገር የለም። እዚያው ጥግ ላይ 70 ኪሎ ሰው ከተንጠለጠለ የግራ የኋላ ጎማ ከመሬት ለመነሳት ብዙ አይፈልግም። ስለዚህ «ከፊት ጠጋ በል፣ ቅርብ ነው» ሲባል መልሱ አይሆንም ነው። ሦስት ከኋላ፣ ሹፌር ከፊት፤ የተሠራው ለዚህ ነው።

ከመግባት በፊት ሦስት ነገር በአንድ እይታ ይታያል፦ የፊት ጎማው ጥርስ፣ በግራ በኩል ያለው መዝጊያ ብረት፣ የፍሬቻ መብራቱ። የፊት ጎማው ከተላጠ ባጃጁ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ መሪ ቢዞርም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የግራው ብረት ከተነሳ ሰው በመኪና መተላለፊያ በኩል ይወርዳል። ፍሬቻው የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ሹፌሩ የሚጠቁመው በእጁ ነው፤ ያም እጅ ፍሪሲዮን የሚይዘው እጅ ነው።

ዝናቡ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ጅማ ነውና። ከተማዋ በ1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የምታገኝ ናት፤ ዝናቡም ሐምሌና ነሐሴን አይጠብቅም፣ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ይመላለሳል። ይህን ያህል ዝናብ ባለበት ከተማ ባጃጆች የጎን ሸራቸው የተቀደደ፣ ወይም በገመድ ታስሮ የማይፈታ መሆኑ ንቀት ነው እንጂ ድህነት አይደለም። ሸራ የሚያህል ርካሽ ዕቃ ባጃጅ ላይ የለም። ሸራው ቢኖርም መሃል የተቀመጠ ብቻ ነው የሚደርቀው፤ በቀኝ ያለው ከላይም ከታችም ይረጠባል፣ ምክንያቱም የፊት ጎማው ቀዩን ጭቃ የሚረጨው ወደ መግቢያው ነው። ነጭ ልብስ ለብሶ ሰርግ የሚሄድ ሰው መሃሉን ይያዝ፤ እምቢ ካሉት ይውረድና ሌላ ይጠብቅ።

ተርጂክሪስታሎው (የመስታወት መጥረጊያው) ከማይሠራ ባጃጅ ጋር በዝናብ አትሂዱ። ሹፌሩ ጨርቅ ይዞ በጎን እጁን አውጥቶ መስታወት ሲጠርግ በአንድ እጅ እየነዳ ነው። ውሃ የተኛበት መንገድ ሲመጣ ደግሞ መለኪያው ቀላል ነው፦ ውሃው ከጎማው እምብርት ከደረሰ መመለስ ነው። ባጃጁ የሚያቆመው ውሃው ገፍቶት አይደለም። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ከኋላ ስለተቀመጠ እሳት ሰጪው ካንዴላና ገመዱ ይረጥባሉ፣ እሳቱ ይጠፋል፣ መሃል ላይ ይቀራል። ሹፌሩ ካንዴላውን ነቅሎ አድርቆ እስኪያስነሳው ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ካለፈ በኋላም አላበቃም። የባጃጅ ፍሬን ከበሮ ውስጥ ያለ ነው፤ ውሃ ከገባበት ለጥቂት ጊዜ አይዝም። ልምድ ያለው ሹፌር ከውሃው ሲወጣ ቀስ እያለ ፍሬኑን ደጋግሞ በመንካት ያደርቀዋል። ይህን የማያደርገውን «ሹፌር፣ ቀስ በል» ማለት ነውር የለውም። ዝናብ ላይ ዋጋ መጨመሩን ብዙዎች ያማርራሉ። እውነቱ ግን በዝናብ ባጃጅ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ የሚሠራውም በዝግታ ነው። ትንሽ ቢጨምር ያስኬዳል። እጥፍ ማድረግ ግን ዘረፋ ነው።

የቤንዚኑ ነገር። ታንከሩ 8 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ደህና የተስተካከለ ሞተር በሊትር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ማለትም አንድ ሙሉ ታንከር ከአንድ ቀን ሥራ ይበልጣል። ችግሩ ፍጆታው ሳይሆን ሰልፉ ነው። ማደያ ደጅ ግማሽ ቀን የዋለ ሹፌር ያንን ግማሽ ቀን ከተሳፋሪው ይፈልገዋል፣ ወይም ሰልፉን ትቶ በሃይላንድ የሚሸጠውን ይገዛል። በሃይላንድ ከሚሸጠው ውስጥ ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ የተቀላቀለበት አለ። ነጭ ጋዝ ያለበት ባጃጅ በጭሱና በሽታው ይታወቃል፤ ዳገት ላይ ይንኳኳል፣ ኃይል ያጣል። ውሃ ያለበት ደግሞ ሲነሳ ደህና ሆኖ 100 ሜትር ሄዶ ይንተፋተፋል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንከሩ ሥር ተኝቶ ቀድሞ የሚሳበው እሱ ነው። እንዲህ የሚያስል ባጃጅ ይዞ ወደ ጅሬን ዳገት መውጣት አይታሰብ።

ጅሬን ከተነሳ፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት የሚሄድ እንግዳ ብዙ ነው። ከከተማው መሃል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መጨረሻው ዳገት ነው። ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ ይወጣዋል፤ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ይወጣዋል። መውጣቱ አይደለም ችግሩ፤ መውረዱ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ሹፌር አለ። ያኔ ሸክሙን ሁሉ የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ከበሮው ይግላል፣ ሲግል መያዙን ይቀንሳል። በማርሽ እንዲወርድ ንገሩት። ዋጋውን ደግሞ ደርሶ መልስ ብላችሁ፣ የሚጠብቅበትን ሰዓት ቆርጣችሁ ተነጋገሩ፤ «አንድ ሰዓት ትጠብቃለህ፣ ሒሳቡ ታች ስንደርስ ነው»። ላይ ሆኖ ሙሉውን የተቀበለ ሹፌር የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም፣ ከላይ ደግሞ ሌላ ባጃጅ ማግኘት ዕድል ነው።

ሰዓትና ቀን ማወቅ ግማሽ ጉዞ ነው። ሐሙስ የጅማ የቆየ የገበያ ቀን ነው፤ መርካቶ አካባቢ ጠዋት 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ ከእግር ይዘገያል። ዓርብ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ለጁምዓ ብዙው ሹፌር ይቆማል። በረመዳን ከማግሪብ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት በተለይ ክፉ ነው፤ ሹፌሩ ለኢፍጣር ወደ ቤቱ እየሮጠ ነው፣ መንገዱ ወደ ሰፈሩ ካልሆነ አይቆምላችሁም። ቢያቆም ደግሞ አነዳዱን አትወዱትም። ከኢፍጣር በኋላ ግን ከተማው ከወትሮው አምሽቶ ይሠራል፣ ለተሳፋሪ ጥሩ ጊዜ ያ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሚገባበት ሳምንት ሻንጣ ያየ ሁሉ ኮንትራት ይላል፤ ሻንጣውን ይዞ ከመናኸሪያው በር 200 ሜትር የራቀ ሰው ዋጋው ወዲያው ይወርድለታል።

ዕቃ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ከአንድ ሰው ይበልጣል፣ ስለዚህ ኩንታልና ሁለት ሰው በቂ ነው። ኩንታሉ እግር ማሳረፊያው ላይ ይጋደም እንጂ ወንበር ላይ አይቀመጥ፤ ከፍ ባለ ቁጥር ኩርባ ላይ ባጃጁን ይገለብጣል። ከዚያ ለበለጠ ዕቃ ጋሪ አለ፤ ዘገምተኛ ቢሆንም ለሲሚንቶና ለቁም ሣጥን ከባጃጅ ይሻላል።

ታማሚ በባጃጅ መውሰድ የግድ ካልሆነ አይደረግ። ጎማዎቹ ትንንሽ፣ ባለ 8 ኢንች ቸርኬ ናቸው፤ ሚኒባስ የማይሰማውን ጉድጓድ ባጃጅ እስከ ወገብ ያሰማል። ስብራት ያለበት ሰው ወይም ምጥ የያዛት እናት ከሆነች መጀመሪያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል፣ ካልመጣ ሚኒባስ ይፈለግ።

ስለ ከተማው መንገድም መናገር ይገባል። ሰሞኑን የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ አዌቱ ወንዝ ዳር መራመድ ደስ ይላል፣ መሃል ከተማ ላይ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ በእግር መሄድ አሁን ከባጃጅ ሳይሻል አይቀርም። ግን መንገድ ሲሠራ ባጃጁ የት ይቆማል ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስልም። ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ገባ ብሎ መጫኛ የሌለው አስፋልት ላይ ባጃጅ ሰው ሲያወርድ አንድ መስመር ይዘጋል። ድልድይ አፍ ላይ ሲቆም ደግሞ ሁለቱም አቅጣጫ ይቆማል። በየ300 ሜትሩ ባጃጅ የሚያህል ገባ ያለ ቦታና ታሪፍ የተጻፈበት አንድ ሰሌዳ ቢኖር ከዚህ ጽሑፍ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር።

ተሳፋሪውም ንጹሕ አይደለም። «ወራጅ አለ» ብሎ የወረደ ሰው ካለ 20 ሜትር ሳይሄድ ሌላው «እዚህ ጋ!» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ሱቅ በር ላይ። አንድ ላይ መውረድና 20 ሜትር መራመድ ማንንም አይገድልም። ዕቃ ረስቶ የወረደ ሰውም ሹፌሩን ሌባ ከማለቱ በፊት የሰሌዳ ቁጥሩን ማየት ነበረበት፤ ሲወርዱ ዞር ብሎ ቁጥር ማየት ሁለት ሰከንድ ነው። ቁጥሩ ካለ ተራ አስከባሪዎቹ ጋ ሄዶ ማስፈለግ ይቻላል፤ «ሰማያዊ ባጃጅ ነበር» ከተባለ ግን ሳቅ ብቻ ነው መልሱ።

ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ መስመር የሚባለው ያከትማል፣ ሁሉም ኮንትራት ነው። የፊት መብራቱ አንድ ሻማ የሚያህል ባጃጅ ብዙ ነው፤ ያልተነጠፈ የውስጥ መንገድ ላይ ክፍት ቦይ አይታየውም። ጫት ይዞ ያመሸ ሹፌር ደግሞ ንቁ ይመስላል፣ ግን ጥድፊያውን ከንቃት መለየት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ለሚሄድ የመጨረሻው ፈተና ንጋት ላይ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ፣ የጊቤ ሸለቆ፣ ወልቂጤና ወሊሶ አድርጎ የሚሄደው አውቶቡስ የሚነሳው ገና ሳይነጋ ነው፤ በዚያ ሰዓት ዳር ሰፈር ባጃጅ በመንገድ አይገኝም። በዋዜማው ማታ ሹፌር ይያዝ፤ ዋጋው ያኔውኑ ይቆረጥ፣ ቀብድ ግን አይሰጥ። የተነገረው ሰዓት «11 ሰዓት» ከሆነ የሌሊቱ መሆኑ ሁለት ጊዜ ይነገር። ሰፈሩ በምልክት ሳይሆን በር ድረስ ይታይ። ቤንዚን መኖሩም ይጠየቅ፤ ማታ ባዶ ታንከር ይዞ የገባ ሰው ንጋት ላይ ማደያ አይከፈትለትም። ስልክ ደግሞ የአንድ ሳይሆን የሁለት ሹፌር ይያዝ፤ አንዱ ይተኛል።